የሕፃናት የሒሳብ ውሎ ደብተር

(በአብርሃ ጅራ ለየቲም አሳዳጊዎችና ለረዳት ወገኖች ከተደረገ ንግግር)

 

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ትንሽ ነው፤ የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃን የሒሳብ ደብተር ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ወቅት ደብተሮቹን ለማየት የመጣ አንድ ደግ ሰው ገጾቹን ካገላበጠ በኋላ፣ «ለዚህ ነው ደብተር የምንገዛው? ልጆቹ እኮ ምንም አልጻፉበትም፤ ተጫውተውበታል» ማለቱ ከልቤ አልወጣም። ሰውየው የጠበቀው ከ1 እስከ 100 ጥርት ብሎ የተገለበጠ ቁጥር ነበር። ያገኘው ግን የተለጠፈ የሰሊጥ አገዳ፣ በቆርኪ ዙሪያ የተሠመረ ጠማማ ክብ፣ እንደ መስኮት የሚከፈት ቁራጭ ወረቀት ነው። አልተቀየምሁትም፤ እኔም ብዙ ዓመት እንደርሱ አስብ ነበርና።

ሰሌዳው ላይ ቁጥር እጽፍ ነበር፤ ልጆቹ ይገለብጡ ነበር፤ እጁ የሰላለት እርማት ያገኝ ነበር። በኅብረት በዜማ ስንቆጥር ደግሞ ድምፃችን ከግቢ ውጭ ይሰማል። ነገር ግን እስከ መቶ የሚያዜመውን ልጅ «ሰባት ቆርኪ አምጣልኝ» ብትሉት እፍኙን ሞልቶ ይዞ ይመጣል። አምስት ጠጠር ቆጥሮ ሲጨርስ «እንግዲህ ስንት ናቸው?» ቢባል ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጌልማንና ጋሊስተል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን በደንብ አብራርተውታል፦ ልጅ ቆጠራን ዐወቀ የሚባለው የቁጥሮቹን ስም በቅደም ተከተል ስለያዘ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠትን፣ በመጨረሻ የጠራው ስምም የሁሉም ብዛት መሆኑን ሲረዳ ነው። ዜማው ይህን ሊሸፍንብን ይችላል። ግልባጩም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተከፈተው ዜሮ ክፍል ለድኻው ልጅ በር ከፍቷል። ቀድሞ መዋዕለ ሕፃናት በአብዛኛው የከተማና የከፋይ ነበር። በሩ መከፈቱ መልካም ነው፤ የገባው ልጅ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

የደብተሩ አሠራር እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ መስመር የሌለው ደብተር ይሰጣል። ጠዋት መሬት ላይ ተቀምጠን በቆርኪ፣ በጠጠር፣ በማሽላ ፍሬ እንቆጥራለን፤ ከዚያ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ልጁ ያደረገውን በራሱ መንገድ ደብተሩ ላይ ያኖራል። በአንድ ጠርዟ ብቻ የተለጠፈች ወረቀት እንደ መስኮት ትከፈታለች፤ ከላይዋ 6 ተጽፎ ከሥሯ ልጁ ስድስት ነገር ይሥላል፤ ጓደኛው ከፍቶ ይቆጥርለታል፤ ካልተስማሙም ይከራከራሉ። ክርክሩ የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። ሌላው ገጽ በሁለት ረድፍ አምስት አምስት ቤት ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ ሰባት ቆርኪ የደረደረ ልጅ አንዱ ረድፍ ሞልቶ በሌላው ሁለት መኖሩን፣ አሥር ለመሙላትም ሦስት መቅረቱን ማንም ሳይነግረው በዓይኑ ያያል። (ቅልብሎሽ የለመዱ ሴት ልጆቻችን በዚህ ወንዶቹን ይቀድማሉ፤ አምስት ጠጠር ከእጃቸው አይጠፋምና።) መምህሩ በየቀኑ አምስት ልጆች አጠገብ ተራ በተራ ተቀምጦ «ንገረኝ፣ ምን አደረግህ?» ይላል፤ ልጁ የተናገረውን ቃል ሳያቃና ከሥዕሉ ሥር ከነቀኑ ይጽፍለታል። ሃምሳ ልጆች ባሉበት ክፍል በዐሥር የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ በመድረሳ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ቁርአን ቤት ውስጥ ሁሉም ልጅ አንድ ገጽ ላይ አልነበረም፤ አንዱ አሊፍ ባ ላይ ሲሆን ሌላው ሱራ ይዟል፤ እያንዳንዱ የራሱ ሉሕ አለው፤ ኡስታዙም እያንዳንዱን ለብቻው ይሰማል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በሉሕ ላይ የተጻፈው ሲሐፈዝ ይታጠባል፣ በላዩም አዲስ ይጻፋል። ይህ ደብተር ግን አይታጠብም። የመስከረሙ ስሕተት በጥር ይነበባል፤ ልጁም ራሱ አይቶ ይስቃል። ስለዚህም ላጲስ ስትገዙ ለአንደኛ ክፍል አሳልፉልን።

ስሕተት የሚመስለው ሁሉ ደግሞ ስሕተት አይደለም። አንዲት የቲም ልጅ አምስት ቆርኪ ሥላ አጠገባቸው አንድ ክብ አኖረች። አጠገቤ የነበረው መምህር ዜሮ መስሎት ቀዩን እስክሪፕቶ አነሣ። «ንገሪን» ስንላት «ኸምሳ» አለችን። ልጅቱ ጠዋት ቁርአን ቤት፣ ከዚያ በኋላ እኛ ዘንድ የምትውል ናት። በዓረብኛው አጻጻፍ አምስት ክብ ነው፤ ዜሮው ነጥብ ነው፤ የእኛን 7 የሚመስለውም ስድስት ነው። ከመተማ ማዶ በሚመጣው የሱዳን ገንዘብ ላይ እናንተም በየቀኑ ታዩታላችሁ። የሁለቱም አኃዝ ምንጭ ሕንድ መሆኑን፣ አል ኸዋሪዝሚም በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሕንዶቹ አኃዝ መጻፉን በወጣትነቴ ተምሬ ነበር፤ ከዚያች ልጅ ፊት ግን አልታወሰኝም። ሳንጠይቃት አርመናት ቢሆን ኖሮ የምታውቀውን እንደማታውቅ እናስተምራት ነበር። አሁን በመስኮቷ ላይ 5፣ ፭ እና ክቡን ጎን ለጎን እንጽፋለን።

አንድ ገጽ ግን ከደብተሩ አውጥተናል። በየትኛውም የሕፃናት መጽሐፍ የሚገኝ ነው፤ «የቤተሰቤ አባላት ስንት ናቸው?» ይላል። አንድ ልጅ አያቱን፣ ራሱንና ታናሽ እኅቱን ሥሎ 4 ብሎ ጻፈ። አራተኛው ማን እንደሆነ ስጠይቀው አባቱ መሆኑን ነገረኝ፤ የት እንደምሥለው አላውቅም አለኝ። በዚያ ገጽ ላይ ምንም ምልክት አላደረግሁበትም። ከዚያ ወዲህ የምናስቆጥረው በቤት ያሉትን ሲኒዎች ነው።

ሲኒው ሌላም ጥቅም ሰጥቶናል። ከአሳዳጊዎቻችን ብዙዎቹ፣ በተለይ አያቶች፣ ፊደል አልቆጠሩም፤ የልጁን ደብተር አገላብጠው መልሰው ከማስቀመጥ በቀር የሚሉት አልነበራቸውም። የተሣለ ሲኒ ግን ማንም ያነባል። «አንዱ ተሰብሯል እኮ፣ አምስት አይደለም» የሚሉ እናት ከሒሳብ መምህሩ እኩል ሠርተዋል። በጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ልጆቹ ከዘመድ ጋር ማሳ ላይ ሲሰነብቱ፣ ወይም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን እንዳየነው ትምህርት ሲቋረጥ፣ ደብተሩ ቤት ሊቀጥል ይችላል። ነዶም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ወጪው ልምጣ። የምንፈልገው መስመር የሌለው ደብተር፣ እርሳስ፣ ጫፉ ያልሾለ መቀስና ኮላ ነው። ሙጫውን በዱቄት እናብስል ያላችሁ ነበራችሁ፤ በእኛ ቆላ ተባይና አይጥ ይጠራብናል። ደብተሩን ከምስጥ የሚያድን አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ለየክፍሉ ያስፈልጋል። ቆርኪውን ከየሱቁ እናገኛለን። ሌላው ልመናዬ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ለዓመቱ ሪፖርት የሚላከውን ገጽ ስንመርጥ ቆንጆውን አታስመርጡን፤ ልጁ የተናገረው ቃል ከሥሩ ያለበትን ገጽ፣ ያለ ስሙና ያለ ፎቶው እንልክላችኋለን። ልጆቹ ለጎብኚ ሲሉ የጠራ ግልባጭ ማዘጋጀት ከጀመሩ ደብተሩ የእነርሱ መሆኑ ያበቃል።

አሳዳጊዎች፣ ዓርብ ማታ ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ወደ ቤታችሁ ይመጣል። ቡና ሲፈላ ክፈቱት፤ እጁን ይዛችሁ አታጽፉት፤ «ንገረኝ» ብቻ በሉት። ሰኞ ጠዋት ከነፌስታሉ ይመለስልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።