ስሙን ሳያውቁ መግረዝ



ለዓመታት የሰው እጅ ያልነካው ግቢ በአዲስ አበባ ብርቅ አይደለም። ወራሾች ሲሟገቱበት የቆየ አለ፤ ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ሄዶ ዘበኛ ብቻ የቀረበትም አለ። በሩ ሲከፈት መንገዱን የዘጋው፣ መስኮቱን የሸፈነው፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ወዲያው የቀን ሠራተኛ ይጠራል፣ ገጀራ ይያዛል፣ ሁሉም በአንድ ቁመት ይጨፈጨፋል። እኔ የምቃወመው ይህንኑ ነው።

እነዚህ ዕፀዋት በአረንጓዴነታቸው ቢመሳሰሉም ለስለት የሚሰጡት ምላሽ ለየቅል ነው። ጌሾ፣ ግራዋ፣ ሰንሰል፣ ክትክታና ወይራ ከጉቷቸው ያቆጠቁጣሉ። ጥድ ግን፣ የሐበሻውም ሆነ የፈረንጁ፣ ቅጠል ከሌለው ቡናማ እንጨቱ ላይ ከተቆረጠ እዚያ ቦታ ዳግመኛ አይለመልምም። በየሰፈሩ ግማሽ ጎናቸው ራቁቱን የቀረ የጥድ አጥሮች የምናየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ጥድ የሚከረከመው ከውጭ ባለው አረንጓዴ ክፍሉ ብቻ፣ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ነው። ከልክ በላይ ከተንሰራፋ ሌላ ተክል መተካት ይሻላል።

ታዲያ እንዴት እንለያቸው? የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንደ እንጨት የጠነከረ ድቡልቡል ነው፤ የሐበሻው ለስላሳና ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ነው። የወይራ ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ ይበቅላል፣ ከላይ ያብረቀርቃል፣ ከሥር ደብዘዝ ይላል። ክትክታ ሲዳሰስ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ፍሬው ክንፍ አለው። ሰንሰል በነጭ አበባው ይታወቃል። ለጌሾ ከዕፀዋት ተመራማሪ ይልቅ ጠላ የሚጠምቁ ጎረቤት መጥራት ሳይቀል አይቀርም! ግራዋን ምሬቱ ያጋልጠዋል፤ ሆኖም ያልታወቀ ቅጠል መቅመስ አይገባም። ለውበት የሚተከለው፣ ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ያለው ኦሊያንደር ከሥር እስከ ቅጠሉ መርዝ ነው፤ ግንዱን ማንደድም አደገኛ ነው። የቅንጭብ ወተት ደግሞ ዓይን ከነካ ክፉኛ ይጎዳል፤ መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ አይቁረጡት።

ከተለየ በኋላ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚወገደው የሞተው እንጨት ነው። ልጡን በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ከዚያ፣ ከጉቷቸው በሚያቆጠቁጡት ላይ፣ ካረጁት ግንዶች ሲሶውን ከመሬት አስጠግቶ መቁረጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሲሶ፣ በሦስተኛው የቀረውን። በዚህ መንገድ ተክሉ ምግብ የሚሠራበት ቅጠል ሳያጣ ይታደሳል። ወፍራም ቅርንጫፍ በመጋዝ መጀመሪያ ከሥሩ፣ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፤ አለበለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገፍፎ ይሄዳል። የቀረው ጉቶ በመጨረሻ ከግንዱ ጋር ከሚያያዘው እብጠት ወዲህ ይስተካከላል፤ እብጠቱ ራሱ አይነካም፣ ቁስሉ የሚሽረው በእሱ ነውና። አጥር ሲከረከም ታችኛው ወገን ከላይኛው ሰፋ ይበል፤ ፀሐይ የማያገኝ እግር ይራቆታል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለደጋ ከተማ የበልግ ዝናብ ዋዜማ ይመረጣል። በጥቅምት የተገረዘ ተክል የሚያወጣው ለጋ ቀንበጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይመታል። ወፍ ጎጆ የሠራችበትን ቁጥቋጦ ጫጩቶቹ እስኪበሩ መተው ደግሞ ማንንም አይጎዳም።

ከላቲን አሜሪካ መጥቶ ሜዳውን ሁሉ የሚወርረው ላንታና ግን ምሕረት አያሻውም፤ ከነሥሩ ይነቀል።

የግቢ ባለቤቶች ሆይ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ያላወቃችሁትን ተክል ከመቁረጣችሁ በፊት ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለበት አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የብሔራዊ ዕፀዋት ቤተ መዘክር ባለሙያዎች ጠይቁ።