አብሮ ይስጠን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቼ ካህናትና የአብነት መምህራን፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከላይና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ተጉዛችሁ ልጆቻችሁን አጅባችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ይልቁንም የዚህች ቀን ባለቤቶች የሆናችሁ ልጆቼ ተመራቂዎች፤

ከቤት ሥራና ከእርሻ፣ ከገበያና ከመደበኛው ትምህርት በተረፈቻችሁ ሰዓት፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አዝላችሁ፣ በየሰንበቱ እየተመላለሳችሁ የጀመራችሁትን ትምህርተ ሃይማኖት ፈጽማችሁ፣ ነጠላችሁን መስቀለኛ አጣፍታችሁ በዚህ ዐውደ ምሕረት ስትቆሙ ለማየት እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቶኛልና ስሙ ይክበር ይመስገን። አዘጋጆቹ ወደ ቤቴ መጥተው፣ «ስለ እምነት፣ ስለ ምስጋናና ከሰው ጋር ስለ መኖር ለእኅቶቻችን አንድ ቃል ይንገሩልን» ባሉኝ ጊዜ፣ ሦስቱ ነገሮች ሦስት ስብከት የሚሹ መስለውኝ ብዙ አወጣሁ አወረድሁ፤ በመጨረሻ ግን ሦስቱንም በአንድነት ያሰረች ቃል በየዕለቱ ከአፋችን የማትለይ ሆና አገኘኋት።

ይህችውም፣ በአገራችን አንድ ሰው ደግ ነገር በተደረገለት ጊዜ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚላት፣ ያደረገለትም «አብሮ ይስጠን» ብሎ የሚመልሳት ቃል ናት። ተቀባዩ «እኔ እከፍልሃለሁ» አላለም፤ የተደረገለት ከአቅሙ በላይ መሆኑን አውቆ ዕዳውን ወደማይደኸየው ባለጸጋ ያሻግራል፤ ይህ እምነት ነው። ተቀብሎም ዝም ብሎ አልሄደም፤ የሰጪውን እጅ አይቶ፣ ድካሙን አክብሮ ይናገራል፤ ይህ ምስጋና ነው። ሰጪውም በበኩሉ በተቀባዩ ላይ አይታበይም፤ እርሱም ከዚያው ከአምላክ እጅ የሚጠብቅ ችግረኛ መሆኑን መስክሮ፣ ለሁለታቸው በአንድነት እንዲሰጣቸው ይለምናል፤ ይህም ፍቅር ነው። እንግዲህ ዛሬ ልነግራችሁ የምወደው፣ ይህችን የምላስ ልማድ የሕይወት ሥርዓት አድርጋችሁ ትይዟት ዘንድ ነው።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔን ያሳደጉኝ አያቴ ከነፋስ መውጫ ወጣ ባለች፣ የጉና ብርድ በሚነፍስባት መንደር ይኖሩ ነበር። የዐምናው ገብስ ከጎተራ ተሟጥጦ የዘንድሮው ገና ባልደረሰበት በነሐሴ ወር፣ ጉሙ ከግቢው አጥር ሳይነሣ በማለዳ፣ ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳውን በትከሻው ያንጠለጠለ፣ በአንድ እጁ ውሻ የሚከላከልበትን በትር የያዘ ትንሽ የቆሎ ተማሪ ከደጃችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። በቤት የነበረው አንድ ተኩል የገብስ እንጀራ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ራብም ነበረብኝ፤ ሌማቱን ከድኜ ወደ በሩ ብቅ አልሁና፣ ትልልቆቹ የሚሰጡት ሲያጡ የሚሉትን ሰምቼ ስለ ነበር፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ መለስሁት። ልጁም ምንም ሳይናገር ፊቱን አዞረ።

አያቴ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሰምተውኝ ኖሮ፣ እንደ ልማዳቸው ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ በቤትሽ ያለውን ከድነሽ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ካልሽ እኮ እግዜርን የሐሰትሽ ዋስ አደረግሽው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «የዚህ ልጅ እናት ሩቅ አገር ናት። እኔ ዛሬ እናት ካልሆንሁት፣ ለወንድምሽ ለትምህርት በሄደበት በጎጃም ማን እናት ይሆነዋል?» ብለው ተነሡ፤ ልጁንም ጠርተው ከሙሉው እንጀራ ቆርሰው በአኮፋዳው ጨመሩለት። እርሱም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ» አላቸው፤ አያቴም እጃቸውን በመቀነታቸው እያበሱ «አብሮ ይስጠን፣ ልጄ» አሉት። አንዲቱ ቃል በእኔ አፍ የደጅ መዝጊያ፣ በልጁና በአያቴ መካከል ደግሞ መገናኛ ድልድይ ስትሆን በአንድ ማለዳ አየኋት።

ልጆቼ፣ ያ ቁራሽ እንጀራ ምን እንደ ሠራ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ይህ አገራችን፣ በምርት ጉድለት ስሙ ቢጠራም፣ በመንፈስ ግን የሞላው ጎተራ ነው፤ የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ደብር ናት፤ ዙር አባም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት፤ ቆማም በዜማ ስልቷ ከቤተ ልሔምና ከአጫብር ጋር ስሟ የሚጠራ ናት። ከትግራይና ከሸዋ፣ ከወሎና ከጎጃም የመጡ ደቀ መዛሙርት፣ ድጓውን ቃል በቃል፣ ምልክት በምልክት እስኪያጸኑ ድረስ ብዙ ክረምት በእነዚህ ጎጆዎች ይቀመጣሉ፤ እነርሱንም የሚመግባቸው የመንግሥት በጀት አይደለም፤ የጋይንትና የስማዳ፣ የእስቴም ባልቴት ከሌማቷ የቆረሰችው ቁራሽ ነው እንጂ። የቆማን ፋሲለደስ ቤተ ክርስቲያን የዐፄ ሱስንዮስ ባለቤት እቴጌ ወልድ ሠዓላ እንዳሠራችው ይነገራል፤ ስሟም ሲታወስ ይኖራል። በየዘመኑ በዚያ ደብር ዜማው እንዳይቋረጥ ያበሉት ሴቶች ስም ግን በየትኛውም ብራና አልተጻፈም። በክርስትና ስማቸው ከሚያውቃቸው ጌታ በቀር ማንም አያውቃቸውም።

በመጽሐፍ ቅዱስም ብትመረምሩ፣ እግዚአብሔር ነቢዩ ኤልያስን በራብ ዘመን የላከው የንጉሥ ጎተራ ወዳለበት ሳይሆን፣ ዱቄቷ ከማድጋው ሥር ወደ ቀረባት ወደ ሰራፕታዋ መበለት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስም ጌታችንን ከገንዘባቸው ያገለግሉ የነበሩትን ሴቶች ሳይጠቅስ አላለፈም። ሐዋርያው ጳውሎስም ወጣቱን ጢሞቴዎስን ስለ እምነቱ ሲያመሰግነው፣ ያ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንዳደረ ያስታውሰዋል። እምነት በስብከት ይሰማል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ልጅ ልብ የሚገባው በአያት እጅ በኩል ነው። እናንተም ነገ እናት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት ስትሆኑ፣ ልጆቻችሁ ከአፋችሁ ከሚሰሙት ይልቅ በሌማታችሁና በደጃችሁ የሚያዩትን ይማራሉ።

እምነት የሚፈተነው ግን ጎተራ በጎደለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ልብም ሲጎድል ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በጣና አካባቢ የኖረችውን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን አስቧት። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት፤ የከበረ ቤቷን ትታ መነኰሰች፤ ንጉሡ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን በለወጠ ጊዜም በአባቶቿ እምነት ጸንታ እስከ ግዞት ደረሰች። ይሁን እንጂ መንገዱን ሁሉ ብቻዋን አልሄደችውም። እኅተ ክርስቶስ የምትባል ባልንጀራ እግዚአብሔር ሰጣት፤ አብረው ጸለዩ፣ አብረው ተሰደዱ፤ ወለተ ጴጥሮስም በ1642 እ.ኤ.አ. ስታርፍ ማኅበሩን ተቀብላ የመራችው ይህችው ወዳጇ ናት። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. ገድሏን ሲጽፍ፣ የቅድስቲቱን ጽናት ብቻ ሳይሆን የዚህችንም ወዳጅነት ጻፈልን። ስለዚህ በኀዘን ቀን «የእኔ እምነት ለእኔ ይበቃል» ብላችሁ በር አትዝጉ፤ አንዲት እኅተ ክርስቶስ ፈልጉ፤ ለሌላዪቱም እኅተ ክርስቶስ ሁኑ።

በአያቴ የማርያም ጽዋ ማኅበር አንድ ሥርዓት ነበር፤ የተኳረፉ ሁለት ሴቶች ካሉ፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ ጠላውም ሳይቀዳ፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴዋ አስነሥታ ታስታርቃቸዋለች፤ እስኪታረቁም ማኅበርተኛው ሁሉ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች እስኪሳሳሙ ድረስ ዳቦው በሰፌዱ ላይ እስኪቀዘቅዝ ቆይቶ አይቻለሁ። በዛሬው ዘመን ግን ቂማችንን ይዘን ለመብላት የምንቸኩል ሆነናል። እባካችሁ፣ ከባልንጀራችሁ ጋር፣ ከአማታችሁ ጋር፣ ከምራታችሁም ጋር ስትጋጩ፣ ዳቦው ይቀዝቅዝ እንጂ ፍቅራችሁ አይቀዝቅዝ።

ስለ ትዳርም አንድ ነገር ልበል። በቁርባን ወይም በተክሊል የምትመሠርቱት ጎጆ፣ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚባባሉበት ቤት ይሁን፤ ውኃ ቀድታ የመጣችን ሚስት፣ ከእርሻ ደክሞት የገባንም ባል ያለ ምስጋና መቀበል፣ ቀስ እያለ ፍቅርን የሚያደርቅ ነገር ነውና። ነገር ግን ይህን ደግሞ አጥብቃችሁ ስሙኝ፤ ምስጋና የግፍ መሸፈኛ አይደለም። የተመታች ሴት «ተመስገን» ብላ ዝም እንድትል የሚመክራት ሰው፣ አያቴ እንዳሉት እግዚአብሔርን የሐሰት ዋስ ያደርገዋል። አምላካችን የሚመሰገነው ሰጪ ስለ ሆነ ነው፤ እርሱ ያልሰጠውን ክፋት በስሙ አንቀበል።

ያ ተማሪ ከደጃችን ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬም ግን ከደጃችን የቆመ አለ። የቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ብሎ ሲደነግግ፣ ደብተሯን ከእጇ ተቀብለው ሊድሯት የሚመክሩባት ልጅ ከደጃችሁ ቆማለች። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ከደላላ ጋር የተነጋገረች፣ ለማንም ያልተናገረች እኅታችሁ ከደጃችሁ ቆማለች። ከሁሉም በላይ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ነፋስ መውጫ በገባ ጊዜ ግፍ የተፈጸመባቸው እኅቶቻችን፣ ቁስላቸውን ይዘው በመካከላችን ይኖራሉ። በእነርሱ ላይ የደረሰው ኀፍረት የአድራጊው ነው እንጂ የእነርሱ አይደለም፤ ከማኅበር የምታርቃቸው፣ በሹክሹክታ የምታቆስላቸው፣ ልጇንም እንዳያገባቸው የምትከለክል ሴት ብትኖር፣ ሌማቷን ከድና «እግዜር ይስጥልኝ» ያለች እርስዋ ናት። እናንተ ግን ከጎናቸው ተቀመጡ፤ ቡና አፍልታችሁ ጥሩአቸው፤ ሊናገሩ ሲወዱ ስሙአቸው፣ ዝም ሲሉም አብራችሁ ዝም በሉ፤ ሕክምናና ፍትሕም ሲሹ መንገዱን አብራችኋቸው ሂዱ። የተማራችሁት ትምህርተ ሃይማኖት ፈተናው በዚህ ነው።

ልጆቼ፣ አያቴ ፊደል አይለዩም ነበር። የሰው ልጅ አብልተው ድጓ አስተማሩ፤ ለራሳቸው ግን የመጽሐፉን ልባስ ከመሳም በቀር ወደ ውስጡ የሚገቡበት በር አልተከፈተላቸውም። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ዓይናቸው ሳያይ፣ በአባታቸው የቅኔ ወንበር ተቀምጠው ደቀ መዛሙርት ማፍራታቸውን ስሰማ ሁልጊዜ የምደነቀው፣ በሩ ቢከፈት ኖሮ ከነዚያ ከስም የለሾቹ ሴቶች ስንት መምህራን ይወጡ እንደ ነበር እያሰብሁ ነው። እናንተ በሩ የተከፈተላችሁ ናችሁ።

እኔ ማንበብ በቻልሁ ጊዜ፣ አንድ ሰኞ ማለዳ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ለአያቴ አነበብሁላቸው። ገና ስጀምር የሚፈትሉትን ጥጥ አስቀምጠው፣ ወገባቸውን እያመማቸው ተነሥተው ቆሙ፤ እስክጨርስም አልተቀመጡም። ስፈጽም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። እኔ ከእርሳቸው አፍ ይህን እሰማለሁ ብዬ ስላልጠበቅሁ የምመልሰው ጠፋኝና ዝም አልሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «‹አብሮ ይስጠን› በዪ እንጂ፣ ልጄ፤ የሰጠሽኝ እኮ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ዛሬ እኔ በአያቴ ቦታ ቆሜአለሁ። ደክማችሁ ተምራችሁ፣ እነዚያ እናቶች የቆረሱት እንጀራ ፍሬውን በሴት ልጆቻቸው ላይ ሲያፈራ ስላሳያችሁኝ፣ በእነርሱም ስም፣ በራሴም ስም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱን እናንተ ታውቁታላችሁ።

የተማራችሁትን በልቡናችሁ ያጽናላችሁ፤ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ፤ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለምድራችን በረከቱን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።