ብረትም ይደክማል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በሳይንስ ክበብ የተደረገ ንግግር)



ጉጠት ያጣ ሰው ሽቦ ለመቁረጥ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ያጥፈዋል፤ ሽቦውም በመጨረሻ ይበጠሳል። አንድ ጊዜ በኀይል ቢጎትተው ግን እጁን ያሳምማል እንጂ አይበጥሰውም። ዛሬ የምናገርለት የብረት ድካም የዚህ ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ ሽቦው ሲታጠፍ በዓይን ይታያል፤ የካሚዮን ሻንሲ ግን ሲደክም ምንም አይታይበትም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ሰዎችን ማስጨነቅ የጀመረው በምድር ባቡር ነው። በሜይ 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር ሜዶን አጠገብ ሲደርስ የፊተኛው ሎኮሞቲቭ የመንኰራኵር ዘንግ ተሰበረ። ፉርጎዎቹ በላዩ ተከመሩ፤ እሳትም ተነሣ። በጊዜው ልማድ በሮቹ ተቆልፈው ስለነበር ከ50 የማያንሱ መንገደኞች ሞቱ። ከነዚህም አንዱ መርከበኛው ዱሞን ዲዩርቪል ነበር፤ ከደቡብ ዋልታ በረዶ በደኅና የተመለሰ ሰው ከከተማው ደጃፍ ላይ ሞተ።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች፣ ብረቱ ከመንቀጥቀጥ ብዛት ባሕርዩ ተለውጦ እንደ ጨው ፍሬ ፍሬ ይሆናል ይሉ ነበር። በ1843 ግን ዊልያም ራንኪን የተባለ ወጣት የስኮትላንድ መሐንዲስ ሌላ መልስ ሰጠ። ስንጥቁ የሚጀምረው ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በድንገት በሚለወጥበት ሹል ማዕዘን ነው፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ስለዚህ ማዕዘኑ ክብ ይሁን አለ።

ከእርሱ በኋላ በፕሩሲያ ምድር ባቡር ይሠራ የነበረው አውጉስት ቮለር እስከ 1870 ድረስ በትዕግሥት ፈተና አደረገ። የሚሽከረከረውን ዘንግ ጫፉን በሞላ ስቦ ያዞረዋል፤ በዞረ ቍጥር አንዱ ጎን አንድ ጊዜ ይሳባል፣ አንድ ጊዜ ይጨመቃል። ብረቱ በአንድ ጊዜ ሳብ ከሚበጥሰው ኀይል እጅግ ባነሰ ኀይል ሲደጋገምበት ይሰበራል። አረብ ብረት ግን አንድ ወሰን አለው፤ ጭነቱ ከዚያ በታች ከሆነ ሚሊዮን ጊዜ ቢመላለስበት አይሰበርም። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም።

ሚሊዮን ስል ብዙ አይምሰላችሁ። ወርዱ አንድ ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 318 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ 10 ሚሊዮን ዙር የሚሞላው በ31,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር መፈተኛ መኪና ይህንኑ በ56 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ሻንሲው እንምጣ። የካሚዮን ሻንሲ ሁለት ረጃጅም የጎን ብረቶችና እንደ መሰላል የሚያያይዟቸው አግዳሚዎች አሉት። አንዱ ጎማ ጕድጓድ ሲገባ ሌላው ድንጋይ ሲወጣ መሰላሉ ይጠመዘዛል። ጀማሪ፣ «እንዳይጠመዘዝ አጠንክረው» ይላል። ዐዋቂው ግን መጠነኛ መጠምዘዝ ይፈቅድለታል፤ አንዱን ቦታ ብቻ ካጠነከሩት ጭንቀቱ ሁሉ ከጠንካራው ዳር ይሰበሰባልና። ብዙ ሻንሲዎች በብየዳ ፈንታ በሪቬትና በቡሎን የሚያያዙትም ስለዚህ ነው። የጎን ብረቱ ሲጎብጥ ከሁሉ የሚጨነቀው ላይኛውና ታችኛው ከንፈሩ ነው፤ ከንፈሩን መብሳት ስንጥቅን መጋበዝ ነው፤ ቀዳዳ ካስፈለገ መካከሉ ይበሳል።

ብየዳ የራሱ ጉዳይ አለው። በተበየደ የአረብ ብረት መጋጠሚያ ላይ የሚመላለሰው ጭንቀት እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ውድና ብርቱ አረብ ብረት ገዝቶ መበየድም ይህን ዕድሜ ብዙ አያረዝመውም፤ ስንጥቁ የሚነሣው ከብየዳው ዳር ነውና። ከልክ በላይ ለሚጭን ባለመኪና ይህ መራራ ሒሳብ ነው።

እውነተኛው መንገድ ደግሞ እንደ ቮለር ዘንግ እኩል አይመታም። በ1938 ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ በብረት ላይ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ ሠሩ፤ ብረቱ ሲሳብ ሽቦውም ስለሚሳብ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይለወጣል። ይህን ለጥፈው መኪናውን በመጥፎ መንገድ ይነዱታል፤ የተመዘገበውን ምት በቤተ ሙከራ ውስጥ በዘይት ግፊት የሚሠሩ ፒስተኖች ቀንና ሌሊት ይደግሙታል። ጕዳት የማያደርሱት ትናንሽ ምቶች ስለሚወጡ የብዙ ወራት መንገድ በሳምንታት ያልቃል። ሻንሲው በጋራዥ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ሰውም አይሞትበትም።

በጠረጴዛው ላይ አንድ የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል አለ። ስትወጡ በማጉያ መነጽር ተመልከቱት። ለስላሳው ክፍል ስንጥቁ በዝግታ የሄደበት ነው፤ እንደ ውሃ ሞገድ ያሉ ቅስት መስመሮች አሉበት፤ ወደ መነሻው ነጥብ ይመሯችኋል። ሻካራው በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የተበጠሰው ነው። ሻካራው ጠባብ ከሆነ ጭነቱ ቀላል ነበር፤ ሰፊ ከሆነ ከባድ ነበር። የዚህኛው የትኛው እንደሆነ ለእናንተ ትቼዋለሁ።