ሠረገላው መጥቷል

ጨፋ ሮቢት ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ዘፍጥረት 45ን አንብቡት። ያዕቆብ ዮሴፍ በሕይወት አለ ሲሉት አላመነም። ልጁ የላከለትን ሠረገላ ሲያይ ነው ነፍስ የዘራው። ግብፅ ሲገባ ዕድሜው 130 ነበር!

ዛሬ ሠረገላው ትኬት ሆኖ በስልክ ይመጣል። ልጅ ከአርባ ምንጭ «እማዬ፣ ነይና ልጆቼን እያቸው» ይላል። እናት ግን በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ደግሞ ሌላ አውሮፕላን ሲሏት ትፈራለች። «አዝመራው ይግባ፣ በዓሉ ይለፍ» ትላለች። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ሲንገጫገጭ እኔም መዝሙር እጀምራለሁ። ሕፃናቱ ግን አዝመራ አይጠብቁም፣ ያድጋሉ።

«ቋንቋዬን አይሰሙም» የምትሉም አላችሁ። ኤፍሬምና ምናሴ ግብፅ ተወለዱ፣ እናታቸውም ግብፃዊት ናት። ያዕቆብ ዓይኑ ፈዝዞ እነማን እንደሆኑ እስኪጠይቅ ደርሷል። ቢሆንም አቀፋቸው፣ ሳማቸው፣ እጁን ጫነባቸው፣ እንደ ገዛ ልጆቹም ቆጠራቸው። በኦሮምኛ ባርኩ፣ በአማርኛ ባርኩ፤ ጌታ ሁሉንም ይሰማል። በስልክ መጸለይ መልካም ነው፤ እጅ ግን በስልክ አይጫንም። ቅቤውንም ድርቆሹንም ያዙ፤ ብቻ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ እየጠራችሁ ሳትጸልዩለት እንዳትመለሱ።

እናንተ ልጆች ደግሞ ትኬት ልኮ ዝም አይባልም። ዮሴፍ ሠረገላውን ከወንድሞቹ ጋር ነው የላከው። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ሲቀየር እጃቸውን የሚይዝ ሰው ይኑር።