የቀረውን ተማሪ ማን ይፈልገው?

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)

ፀጉራችን ቢሸብትም የዶርም ቅጽል ስማችን አለመረሳቱን ስገባ ሰምቻለሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ንገሪን» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ አንድ ስህተቴ ብነግራችሁ ይሻላል መሰለኝ።

የምሠራው ድሬዳዋ ነው። አልፎ አልፎ ለሱፐርቪዥን ወደ ገጠር ቀበሌዎች እንወጣለን፤ ቢዮ አዋሌም አንዱ ነው። በዚያ አካባቢ የምትሠራ አንዲት ነርስ አውቃለሁ። ዲፕሎማዋን ይዛ ብዙ ዓመት ካገለገለች በኋላ ዲግሪዋን በኦንላይን ለመማር ተመዘገበች። ክፍያውን ከደመወዟ ቆጥባ ነው የከፈለችው። አንድ ማታ በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ የፈተናው ቀን ከክትባት ዘመቻው ጋር ተጋጨብኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ተረኛ ነበርኩ። «አይዞሽ ሲስተር፣ በርቺ» ብዬ መለስኩና ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

ከወራት በኋላ ስንገናኝ ትምህርቷን ጠየቅኳት። «ተውኩት ዶክተር» አለችኝ። ያ ፈተና አለፋት፣ የሚቀጥለውም አለፋት፣ ከዚያ አፍራ ጠፋች። ውጤቷ ላይ ኤፍ ተደረደረ። በጊዜው የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልታ ቢሆን ኖሮ ሪከርዷ ሳይበላሽ በሚቀጥለው ሴሚስተር መመለስ ትችል ነበር። ፎርሙን እኔ አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ለእሷ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ የነገራት ሰው አልነበረም። የጠየቀችኝ እኮ መረጃ ነበር፤ እኔ የሰጠኋት ማበረታቻ ነው።

እስቲ እናስታውስ፤ ለእኛ ማን ነገረን? አካዳሚክ አድቫይዘራችን ዘንድ የምንሄደው ወረቀት ለማስፈረም ነበር። የልብ አማካሪዎቻችን ሲኒየሮቻችን ነበሩ። የትኛው ሃንድአውት እንደሚነበብ፣ የትኛው ኮርስ እንደሚከብድ፣ ውጤት ሲበላሽ ማንን ማናገር እንደሚሻል ላውንጅ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነገሩን። ሁለት ቀን ክፍል ብንቀር አልጋ ጎረቤታችን «ምን ሆነሽ ነው?» ይለን ነበር። ቢዮ አዋሌ ሆና የምትማር ሴት ግን ላውንጅም ዶርምም የላትም። ያላት አንድ ስልክ ነው።

«ዋናው ችግር ኔትወርክ ነው» የሚሉ አሉ። ኔትወርክማ ችግር ነው፤ መብራትም እንደዚያው። ሆኖም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነበር። ኔትወርክ ቀስ እያለም ቢሆን ገጠር ይደርሳል። «የት ጠፋሽ?» ብሎ የሚደውል ሰው ግን ታወር ስለተተከለ ብቻ አይገኝም።

ይህን እኛ ሐኪሞች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የቲቢ በሽተኛ መድኃኒት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ሕክምናው ግን 6 ወር ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በመካከል ነው። ዶትስ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ሲጀመር ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር፣ በሽተኛው መድኃኒቱን ሲውጥ የሚያይ ሰው መመደቡ ነው። በሽተኛው ከቀረ ካርዱ ይወጣል፣ ቤቱ ድረስ ሰው ይላካል። ዲፎልተር ትሬሲንግ የምንለው ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ትምህርቱን ያልከፈተን ተማሪ ካርድ የሚያወጣው ማነው?

የርቀት ትምህርትን በደንብ ያደራጁት ይህን ቀድመው አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሞጁል በፖስታ ልኮ ዝም አላለም፤ ተማሪውን የሚያውቅ፣ ሥራውን የሚያርምለት ቲዩተርም መደበ።

እኛስ ምን እናድርግ? ከዚያች ነርስ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ተማሪዋ ከመመዝገቧ በፊት እንደውልላት። በሳምንት ስንት ቀን ተረኛ ናት? የምትማረው በስልክ ነው በላፕቶፕ? ልጆቿን ማን ይይዝላታል? በዚህ ሁኔታ አራት ኮርስ ከባድ ከሆነ ሁለት ብቻ እንድትወስድ እንምከራት።

ሁለተኛ፣ የፈተና ቀኖችንና የዘመቻ ቀኖችን አንድ ካላንደር ላይ አብረን እናስቀምጥ። ግጭት ካለ ማመልከቻው ከፈተናው በፊት ይግባ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ሦስተኛ፣ ኢሜይል ላይ አንተማመን፤ በድምፅ እናውራ፤ ደግሞም በምትቀልላት ቋንቋ። ቢዮ አዋሌ አካባቢ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል አባል ካለን ከእኔ ይልቅ እሱ ይጠቅማል። ወደ ከተማ በምትወጣበት ቀን ቪዲዮዎቹን አውርዳ እንድትመለስ እናስታውሳት።

አራተኛ፣ ዝም ስትል እንፈልጋት። የሚያፍር ሰው አይደውልም። ማቆም ግድ ከሆነባትም ፎርሙን ሞልታ፣ የመመለሻ በሯን ሳትዘጋ ታቁም።

ጅማ ሳለን ቲቲፒ ወጥተን በየጤና ጣቢያው ሰንብተናል። ነርስ፣ ላብራቶሪ፣ ጤና መኮንን፣ ሐኪም በአንድ ጣሪያ ሥር አድረን፣ ከአንድ ድስት በልተናል። ያኔ የተማርነው ሰው ያለበት ድረስ መሄድን ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ያንን ያህል መንገድ መሄድ አንችል ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ 15 ደቂቃ መደወል ግን የሚያቅተው ያለ አይመስለኝም።

ያቺ ነርስ እንደገና ለመመዝገብ ወስናለች። ውጤቷ እንዲስተካከል ማመልከቻውን አብረን ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እሑድ ማታ እደውልላታለሁ። አንዳንዴ ስለ ትምህርት አናወራም፤ ስለ ልጇ ታወራኛለች። እሱም ክትትል ነው።

በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አንድ መዝገብ አለ። ከምሳ በፊት ስማችሁንና የምትችሉትን ቋንቋ ጻፉበት። አንድ ምሩቅ፣ አንድ ተማሪ፤ ከዚያ በላይ አልጠይቃችሁም። የመጀመሪያው መስመር ላይ እኔ ጽፌያለሁ።