ስለ ሴሮቶኒን፣ ስለ ሆዳችንና ስለ መንፈሳችን

(በሰፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት ጡረተኛ ነርስ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥኩት ርእስ ስሙ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ሴሮቶኒን ይባላል። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ ያለ ነው። ለምን እንደ መረጥኩት ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ሴሮቶኒን ማለት ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣልያናዊው ሊቅ ቪቶሪዮ ኤርስፓመር ከእንስሳት አንጀት ውስጥ አገኘውና ሌላ ስም ሰጠው። በ1948 ደግሞ በአሜሪካ አገር ሞሪስ ራፖርት፣ አርዳ ግሪንና ኧርቪን ፔጅ ደም ሲረጋ ከሚለየው ፈሳሽ፣ ማለትም ከሴረም ውስጥ አወጡት። የደም ሥርን የሚያጠብቅ ሆኖ ስላገኙት ሴሮቶኒን አሉት። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው የታወቀው በ1952 ሲሆን፣ በ1953 ቤቲ ትዋሮግ የተባለች ተመራማሪ ከፔጅ ጋር ሆና በአንጎል ውስጥም መኖሩን አሳየች።

እንግዲህ ብዙ ሰው ሴሮቶኒን ሲባል የአንጎል ነገር ብቻ ይመስለዋል። አይደለም! 90 በመቶ የሚሆነው የሚገኘው በሆድ ዕቃችን ውስጥ ነው። አንጀት ምግቡን እየገፋ እንዲያንሸራሽር ይረዳል። የተበላሸ ምግብ ስንበላም ለማስመለስና ለማስቀመጥ ምልክት ከሚሰጡት አንዱ እሱ ነው። ደም ውስጥ ያሉት ፕሌትሌት የሚባሉት ሕዋሳትም ይሸከሙታል፤ ቢላዋ ጣታችንን ሲቆርጠን እዚያው ይለቁታል፣ ደሙም እንዲቆም ያግዛል። በአንጎል ያለው ትንሹ ክፍል ደግሞ በእንቅልፍ፣ በምግብ ፍላጎት፣ በሕመም ስሜትና በመንፈሳችን ሁኔታ ላይ ይሠራል።

እኛ መቼም ስናዝን «ሆድ ባሰኝ» እንላለን፤ ስንፈራ «ሆዴ ፈራ» እንላለን። ታዲያ የሆዱ ሴሮቶኒን ነው ወይ የሚያሳዝነን? ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። የሆዱ ሴሮቶኒን በደም ሄዶ አንጎል ውስጥ አይገባም፤ አንጎል የራሱን ለብቻው ይሠራል። ሆድና አንጎል በነርቭ በኩል ይነጋገራሉ። ስለዚህ «ሙዝ ብሉ፣ ሴሮቶኒን አለው፣ ደስ ይላችኋል» የሚሏችሁን አትመኑ። ሙዙ ጥሩ ምግብ ነው፤ በውስጡ ያለው ሴሮቶኒን ግን አንጎል አይደርስም። ሰውነት ሴሮቶኒንን የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከሚባል የገንቢ ምግብ ክፍል ነው። እሱም በሽሮው፣ በምስሩ፣ በእንቁላሉና በወተቱ ውስጥ ይገኛል። ከሁሉም እያፈራረቁ መመገብ ይበቃል፤ የተለየ ነገር ፍለጋ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለብዙ ዓመታት «የድብርት ሕመም ማለት ሴሮቶኒን ማነስ ነው» ሲባል ቆይቷል። በ2022 የቀደሙትን ጥናቶች አሰባስበው የመረመሩ ሊቃውንት ግን ለዚህ አባባል የማያወላውል ማስረጃ አላገኙም። የድብርት ሕመም ብዙ ምንጭ አለው፦ ሐዘን፣ ችግር፣ ወሊድ፣ ሌላ በሽታ፣ በዘር የሚመጣም አለ። በደም ምርመራ «ሴሮቶኒንሽ አንሷል» ብሎ ድብርትን ማወቅም አይቻልም።

«ታዲያ መድኃኒቱ ከንቱ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት መድኃኒቶች በአንጎል ያለው ሴሮቶኒን ቶሎ እንዳይነሣ ያደርጋሉ። አሠራራቸው ገና ተጠንቶ ባያልቅም ሕመሙ ለጠናበት ሰው ይረዳሉ። ነገር ግን እንደ ራስ ምታት ክኒን ዛሬ ተውጦ ዛሬ አያሽልም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ምክንያቴን እነግራችኋለሁ ብያለሁ። ታናሽ እህቴ ከወለደች በኋላ እንቅልፍ አጣች፣ እህል አልቀምስ አለች፣ ልጇን አቅፋ ታለቅስ ነበር። ሐኪም ይህን ዓይነት መድኃኒት አዘዘላት። በ10ኛው ቀን ቡና ላይ የነበሩ ሴቶች «ኧረ ተይው፣ ሱስ ይሆንብሻል፤ ደግሞስ ምን ለውጥ አመጣልሽ?» አሏት። እኔም ነርስ ሆኜ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ዝም አልኩ። እህቴ ተወችው። ከወር በኋላ ለሕይወቷ እስክንሰጋ ድረስ ባሰባት። ደግነቱ ተመልሳ ታከመች፣ ዳነችም። ልጇ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የዚያን ቀን ዝምታዬ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያን ዝምታ ለመካስ ነው።

ስለሆነም የምለምናችሁ ይህን ነው፦

1ኛ/ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዘነ፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰው ካያችሁ «ሰነፈ» ወይም «ኮራ» አትበሉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ካስፈለገም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ይልኩታል።

2ኛ/ መድኃኒት የጀመረን ሰው «ተወው» አትበሉ። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። የሚቆመው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

3ኛ/ «ለእኔ በጅቶኛል» እያላችሁ ክኒን አትበዳደሩ። ይህ መድኃኒት ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ሊበዛ ይችላል፤ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ከአስፕሪንና ከአይቡፕሮፌን ጋርም መድማትን ያባብሳል።

4ኛ/ መኖርን የጠላ ሰው ካለ፣ በተለይም ወጣት መድኃኒት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ብቻውን አትተዉት፤ ዕለቱን ወደ ሐኪም አድርሱት።

ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚቀድመን የለም። ሰው በሕይወት ሳለ መንፈሱ ሲታመምም እንዲሁ ቀድመን እንድረስ። ጥያቄ ያለው ከስብሰባው በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል።