የኋላ ዘንግና የጎሚኒ አገጣጠም
(በዳበል ለጋራዥ ሙያ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ጎሚኒ ስለምንላት ትንሽ ጎማ ነው። ዋጋዋ አነስተኛ ነው። በትክክል ካልተገጠመች ግን መኪናውን ከመንገድ ታስወጣለች፣ የሠራተኛውንም ስም ታጠፋለች።

ለትምህርታችን ላዳን ምሳሌ አደርጋለሁ። አዲስ አበባ የኖራችሁ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡትን የላዳ ታክሲዎች አትረሱም። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወስዶ፣ ለሶቪየት ኅብረት መጥፎ መንገድ እንዲስማማ ተጠናክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በቶልያቲ ከተማ መመረት የጀመረ መኪና ነው። የዚህ ዓይነቱ ላዳ ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 አብቅቷል። ስለዚህ ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያለው ሁሉ አሮጌ ነው፤ አሮጌ መኪና ደግሞ ጥሩ አስተማሪ ነው።

የላዳ የኋላ አክስል በሁለት ሞላዎች ላይ ተቀምጧል። ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስሉን በቦታው አይዝም። አክስሉን የሚይዙት አምስት ዘንጎች ናቸው፤ ሁለት አጭር ከላይ፣ ሁለት ረዥም ከታች፣ አንድ ደግሞ አግድም። አራቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ፣ አግድሙ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዙታል። በእያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ጫፍ አንዳንድ ጎሚኒ ስላለ በድምሩ አሥር ይሆናሉ።

ጎሚኒ ሲያልቅ ምልክት ይሰጣል። መኪናው ሲነሳና ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ይንኳኳል። በኮርኮንች መንገድ ላይ ኋላው ይዋልላል። ጎማው ያለ አግባብ ይበላል። ለማረጋገጥ የፊት ጎማዎችን በእንጨት አግዱ፤ ከዚያም በዘንጉና በማሰሪያው መካከል የብረት ዘንግ አስገብታችሁ ነቅንቁ። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም የውስጡ ብረት ቱቦ ከመሐል ከሸሸ ጊዜው አልፏል።

ከመኪና በታች ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ጡብና ድንጋይም አይታመኑም፤ በድንገት ይሰነጠቃሉ። የብረት መቆሚያ ከሌለ ወፍራም ጠርብ እንጨት አነባብራችሁ ተጠቀሙ።

ሥራው እንዲህ ነው። ዘንጎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትፍቱ፤ አንዱን ፈታችሁ፣ አድሳችሁ፣ መልሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። አለበለዚያ አክስሉ ከቦታው ይሸሽና ቡሎኑን መልሶ ማስገባት ያስቸግራል። ዳዶው በ19 ቁልፍ ይፈታል። ቡሎኑ ዝጎ ከቱቦው ጋር ከተጣበቀ ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት፤ የፍሬን ጎማና የነዳጅ ታንከር አጠገብ እሳት አታቅርቡ። አሮጌውን ጎሚኒ በሞርሳና በቁራጭ ቱቦ ገፍታችሁ አውጡ። የዘንጉን ዓይን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። አዲሱን ስታስገቡ በሳሙና ውኃ አርጥቡት። የሞተር ዘይትና ግራሶ ጎማውን ያሳብጡታል፣ ያበሰብሱታልም። በመጀመሪያ ጎማው፣ ቀጥሎ የብረት ቱቦው በሞርሳ ተጭኖ ይገባል፤ በመዶሻ አይደበደብም።

አሁን ዋናው ቁም ነገር ላይ ደረስን። ቡሎኖቹን አስገቡ፤ ዳዶዎቹን ግን በእጅ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ መኪናውን አውርዳችሁ በራሱ ጎማዎች እንዲቆም አድርጉ፤ ኋላውን ተጭናችሁ አወዛውዙት። ዳዶው በኃይል የሚጠብቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልኩም ከ7 እስከ 8 ኪሎ ግራም ሜትር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎሚኒ እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም። ዳዶው ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ከማሰሪያው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ዘንጉ ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠማዘዘው ጎማው ራሱ ነው። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መሬት ሲረግጥ ጎማው ቆሞም እንደ ተጠማዘዘ ይኖራል። እንዲህ ያለ ጎሚኒ ቶሎ ይቀደዳል። ባለመኪናው ግን ዕቃው መጥፎ ነበር ይላል፤ ወይም ሠራተኛው ሌባ ነው ይላል።

እዚህ ላዳ የለም የሚል ይኖራል። ነገር ግን 80 የሚባለው ላንድክሩዘር በኋላው ያለው አቀማመጥ ይኸው ነው፤ አራት ዘንግና አንድ አግድም። ባሌስትራ ባላቸው ላንድክሩዘሮችም የባሌስትራው ጎሚኒ የሚጠብቀው መኪናው መሬት ረግጦ ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አስፋልት ለብሷል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ግን ድንጋዩና አቧራው እንደ ጥንቱ ነው። ጎሚኒ የሚያልቀውም እዚያ ነው።

ዕቃ ሲጠፋ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ጎሚኒ መሥራት የተለመደ ነው። መኪናውን እስከ ከተማ ለማድረስ ያገለግል ይሆናል። ነገር ግን ለባለመኪናው ሳይነገረው እንደ አዲስ ዕቃ ማስከፈል ማታለል ነው። በዚያ መኪና የሚሳፈሩት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

ወገኖቼ፤ ከመካከላችን የምስክር ወረቀቱን አገር ቤት ጥሎ የመጣ ብዙ ነው። አዲስ አሠሪ የሚያየው ሥራችንን ብቻ ነው። አንዱ በችኮላ ያበላሸው ሥራ «ስደተኞች አይችሉም» ያሰኛል፤ በሚቀጥለው ቀን ሥራ ፈልጎ የሚሄደውን ልጅ በር ይዘጋበታል። መኪናውን አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ እንደገና ለማጥበቅ የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያችን ግማሽ ሰዓት አትስረቋት።

ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላም ባለመኪናውን ጠርታችሁ ዳዶዎቹን በድጋሚ ፈትሹ። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ደንበኛው ሌላ ደንበኛ ይዞላችሁ ይመጣል።